ከጋቢናው ወንበር ሥር ያለው ውሃ

ያን ረቡዕ ጠዋት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የሚኒባሷ ባለቤት ጋሽ ሰይድ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ እረፍቷን ጨርሳ ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ የምትመለሰው ልጃቸው ሐያት፣ የእኔ ትንሿ ልጅ ሜሮን፣ የግቢው ጥበቃ አቶ በላቸው፣ በሦስተኛ ፎቅ መስኮት ብቅ ብላ የምታየን ጎረቤቴ አልማዝ፣ እና እኔ አስካለ። ብሩክ አልነበረም። የሄድነውም እሱን ፍለጋ ነው።

ብሩክ የበኩር ልጄ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ ጋሽ ሰይድ መንዳት አስተምረውት በእሳቸው ሚኒባስ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ቸኩሎ የሞተሩን ውሃ ሳያይ ወጣ። ጦር ኃይሎች ሳይደርስ ሞተሩ ተቃጠለ። መኪናዋን አስጎትቶ ግቢ ውስጥ አቆማትና ምሳ ሳይበላ ወጣ። በዚያው ቀረ። ስልኩንም ዘጋ። ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ አብነት ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ ተፈታትቶ ከርሞ ተጠገነ። ጋሽ ሰይድ ስለ ልጄ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ግን ይህንን ብሩክ አያውቅም።

ሐያት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ጋራዦች አካባቢ ብሩክን የሚመስል ልጅ እንዳለ ሰው ነግሯት መጣች። ጋሽ ሰይድም አብነት የተሰፋ የተማሪዎች ዩኒፎርም ወደዚያው የሚያደርሱት ነበራቸው። እኔ ይዤ የሄድኩት አንድ ቃል ነው፤ መኪናዋ ድናለች፣ ጋሽ ሰይድም ቂም የለባቸውም፣ ወደ ቤትህ ና።

ብዙ አልተማርኩም፤ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የጻፍኩትን ፊደል ሜሮን አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን አልነካችውም።

ረቡዕ

ጋሽ ሰይድ ከመነሳታችን በፊት የጋቢናውን ወንበር አነሱ። ለማታውቁት፣ የዚህች መኪና ሞተር ያለው ከወንበሩ ሥር ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሚታይበት ጊዜ ሁሉ ጋቢና የተቀመጠ ሰው መነሳት አለበት። በዚህ ጉዞ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት። ትንሽ ጎድሎ ነበርና ጨመሩ። የፍሬኑን ዘይት አዩ፣ የባትሪውን ውሃ አዩ። መጨረሻ ላይ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጠቋሚ ጣታቸውን ነከሩ።

«በዓይን አይታይም?» አልኳቸው።

«ዓይን ይሳሳታል። ጣት ግን ወይ ይርሳል ወይ አይርስም።»

ብሩክንም ያስተማሩት እንዲህ ነበር። ቤት ውስጥ እንኳ ለምዶበት በርሜላችን ውስጥ ጣቱን ሲነክር እቆጣው ነበር።

እኔ በበኩሌ ከደብራችን የቀዳሁትን ጸበል በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ነበር። ብሩክን ሳገኘው ላጠጣው፣ ፊቱንም ልቀባው። ከሻንጣዬ ጋር አስቀመጥኩት።

እትዬ ዘይነባ መንገዱ ላይ ውሃ ረጩልን። ሜሮን አለቀሰች። ሲሰጋ የኖረው ልቤ ደግሞ አየር ጤናን ሳናልፍ ሥራውን ጀመረ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ውሃው ደህና ነው?»

«አሁን ሞላሁት እኮ፣ የብሩክ እናት።»

ዓለም ገና ስንደርስ ደግሜ ጠየቅኳቸው። መልካ ቁንጡሬ፣ አዋሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ ደገምኩ።

«የብሩክ እናት፣ መኪናዋ ሕፃን አይደለችም። በየሰዓቱ ጡት አትጠባም።»

ሐያት ከኋላ ሳቀች። «አባዬ፣ ተዋት። ደመወዝ የማትጠይቅ ረዳት የት ታገኛለህ?»

ጋሽ ሰይድ የብሩክ እናት ብለው ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል። ብሩክ ከሄደ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ እንዳልከፋ ብሎ የሜሮን እናት ይለኝ ጀምሯል። በደግነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ስሙ ከደረጃችን ላይ እየጠፋ እንደሆነ ይሰማኛል። እሳቸው ብቻ አልቀየሩትም።

ከጢያ በኋላ ሜዳው ሰፊ ነው። እኛ ግቢ ልብስ ለማስጣት በገመድ እንጣላለን፤ እዚያ ሜዳው ላይ የልደታ ሰው ሁሉ ልብሱን ቢያሰጣ ቦታ ይተርፋል። ቡታጅራ ምሳ በላን። ቤቱ የታወቀው በክትፎ ነው፤ ረቡዕ ስለሆነ እኔ ሽሮ አዘዝኩ። የቤቱ ባለቤት ሳልጠይቃት ጎመን ጨመረችልኝና «ጾመኛ ከሩቅ ትታወቃለች፣ ሥጋውን ሲያመጡ አንገቷን ታዞራለች» አለችኝ። አፈርኩም ሳቅኩም።

ወራቤን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ከመሪው ኋላ ካለው ሰሌዳ ላይ አላነሱም። የሙቀት መርፌው ወደ ላይ ሄዷል። እኔም ከመቀመጫዬ ሥር ሽታ ሸተተኝ፤ ውሃው ያለቀበት ድስት ሽታ። ዳር ይዘው አቆሙ።

«ማንም እንዳይነካ! ትኩስ ራዲያተር ፊት ይልጣል» አሉና ወንበሩን አንስተው እርጥብ ጨርቅ አለበሱት። እስኪበርድ እኔ ውሃ ፍለጋ ወደ አንድ ቤት ሄድኩ።

ቤቱ በእንሰት የተከበበ ነው። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ወጣች። ስሟ አበበች ይባላል።

«እህቴ፣ ውሃ ፈልጌ ነበር።»

«ለሰው ነው ለመኪና?»

«ለመኪና።»

«ይሁን፤ መኪናም ከጠማው ይጠጣ» አለችና ከጓዳ ሁለት ጀሪካን አወጣች። ሌላ ያላት አልመሰለኝም። እኛ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ማታ የማናውቀው ሰው አንኳኩቶ ለመኪናዬ ስጡኝ ቢለን ምን እንደምንል እያሰብኩ አንዱን ተሸክሜ ተከተልኳት። ልጄን ፍለጋ እንደምንሄድ መንገድ ላይ ነገርኳት።

ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ክዳኑን እየገጠሙ ነበር። ቢጫዋ ጀሪካን ባዶዋን አስፋልቱ ዳር ተኝታለች።

«ተገላገልን፣ የብሩክ እናት። ከኋላ ካሉት ጀሪካኖች መሐል አንዱ ሙሉ ነበር።»

«ጋሽ ሰይድ፣ እሱ እኮ ጸበል ነው። ለብሩክ የያዝኩት።»

ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። «ያ አላህ! ጸበሉን ለመኪና አጠጣሁት?»

«አጠጡት።»

«እኔ ነኝ» አለች ሐያት አፏን ይዛ። «እግሬ ላይ እየተንከባለለ ሲያስቸግረኝ ከባዶዎቹ ጀሪካኖች ጋር አስቀመጥኩት። ውሃ መስሎኝ፣ እትዬ አስካለ፣ በናትሽ ይቅር በይኝ።»

መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አበበች ጀሪካኗን አስቀመጠችና አንዴ እኔን አንዴ መኪናዋን አየች። «ምን ያስለቅሳል? ወደ ልጅሽ የምትወስድሽ እሷ አይደለችም እንዴ? መጀመሪያ እሷ ትጠጣ።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ጋሽ ሰይድ ግን አልሳቁም። እስከ ማታ ድረስ «አላወቅኩም እኮ» እያሉ ነበር።

ውሃው የሚያፈስበት ቦታ ተገኘ። ከራዲያተሩ የሚወጣው የጎማ ቱቦ አፉ ላይ ላልቷል። ጋሽ ሰይድ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ጠቅልለው አሰሩት። «እስከ አርባ ምንጭ ያደርሰናል፤ ግን እያየን፣ እየሞላን ነው» አሉ። እየመሸ ነበርና አበበች «መንገድ አትሄዱም» አለች።

የዚያን ምሽት እራት አልረሳውም። አበበች ጴንጤ ናት፣ ጋሽ ሰይድና ሐያት እስላም፣ እኔ ደግሞ ረቡዕን የምጾም። ቆጮውን በቅቤና በአይብ አሽታ ለእነሱ አቀረበች። እኔ እጄን ስሰበስብ ተነስታ ጎመን በዘይት ሠራችልኝ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም በየራሱ መንገድ ጸልዮ በላ።

የእሷም ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሱቅ ይሠራል። «ይደውላል» አለችኝ። «ድምፁን እሰማለሁ፣ ደህና ነኝ ይላል። ያንቺ ግን እዚሁ አገር ነው። በመኪና ይደረሳል። እኔ በየት በኩል ልሂድ?» አልጋዋን ለእኔና ለሐያት ለቃ እሷ መደብ ላይ ተኛች።

ሐሙስ

ጠዋት ጋሽ ሰይድ ወንበሩን አንስተው ጣታቸውን ነከሩ። ደረቅ ወጣ። አበበች ሞላችልን፣ ባዶ ጀሪካኖቻችንንም ሞላቻቸው። «ስትመለሱ ሦስት ሆናችሁ አይደለም፣ አራት ሆናችሁ» አለችኝ። ሐያት እንደምትቀር አልነገርኳትም፤ የተናገረችው ስለ ሐያት አልነበረም።

ከሆሳዕና በኋላ መንገዱን የለካሁት በውሃ ነው። ትንሽ እንሄዳለን፣ እንቆማለን፣ እኔ እነሳለሁ፣ እስኪበርድ እንጠብቃለን፣ ጋሽ ሰይድ ይሞላሉ። በቆምንበት ሁሉ ሰው ይመጣል። አረካ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሳንጠይቃቸው ከቤታቸው ውሃ አስመጡልንና እስክንነሳ ድረስ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሙ፤ እንግዳ ብቻውን አይቆምም ብለው። ሶዶ ምሳ ስንበላ ሐያትን አቅለሸለሻት፤ መታጠፊያው በዝቶባት ነው። አስተናጋጇ ሎሚ ቆርጣ አሸተተቻት። እኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ሰው ቢታመም መጀመሪያ የምንሰበስበው ቀሚሳችንን ነው።

ከሶዶ በኋላ ቆላ ነው። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ከሥሬ ደግሞ ሞተሩ አለ። የአባያ ሐይቅ በግራ በኩል ብቅ አለ፤ ቀይ ነው፣ የሸክላ ጭቃ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ሐያት «እትዬ አስካለ፣ እዪው እንጂ!» ትለኛለች። እኔ የማየው መንገድ ዳር የሚሄዱትን ወጣቶች ነበር። ብሩክ ረጅም ነው፣ ሲሄድ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። ስንት ዝቅ ያለ ትከሻ አየሁ።

አርባ ምንጭ ሲቀላ የገባነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ማደያ ቆመን ነዳጅ ቀዳን፤ ጋሽ ሰይድ እዚያው በሰው ፊት ወንበሩን አንስተው ውሃ ሞሉ። እኔ ወርጄ ግራ ቀኝ አየሁ። ጋራዦቹ ተዘግተዋል። ዩኒፎርሙን አስረክበን፣ ሐያትን ማደሪያዋ አድርሰን፣ ግቢ ያለው ፔንሲዮን ያዝን። ዓሣ በላሁ። ጣፋጭ ነው፤ ብሩክ ዓሣ ስለሚወድ ግማሹን ተውኩት። ለማን እንደተውኩት አላውቅም።

እኔ ቤቴ ሆኜ ደረጃ ላይ ድመት ብታልፍ የምነቃ ሴት ነኝ። በዚያች ምሽት ግን ድካሙና ሙቀቱ ጣለኝና እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ዓርብ

የነቃሁት በጋሽ ሰይድ ድምፅ ነው። «የብሩክ እናት! ነይ ቶሎ!»

ወንበሩ ተነስቷል። ቱቦው ላይ የነበረው የጎማ ቁራጭ የለም። በምትኩ አዲስ የብረት ማሰሪያ ገብቶ ጥብቅ ብሏል። ጋሽ ሰይድ ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን ነከሩ፤ ሙሉ ነው። ዘይቱን መዘዙ፤ ልክ ነው። የፍሬኑም ልክ ነው። ከመሪው ፊት ደግሞ ቁልፍ ተቀምጧል። የጋሽ ሰይድ ቁልፍ በኪሳቸው ነው። ይህኛው ሁለተኛው ነው፤ ብሩክ የሄደ ቀን በኪሱ ይዞት የቀረው። እንዳይጠፋበት ብዬ ከነጠላዬ ጫፍ ገምጄ ያሰርኩለት ክር አለበት። ክሩ ጠቁሯል።

የፔንሲዮኑን ጥበቃ ጠራነው። ደንግጦ መጣ።

«ልጅዎ ነው ብዬ እኮ ነው፣ አባቴ። ማታ ስትገቡ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አይቼው ነበር። ጎህ ሲቀድ መጣ። ቁልፍ ይዟል። ‹የአባቴ መኪና ናት፣ ውሃ ታፈሳለች፣ ሳይነሱ ላስተካክልላቸው› አለኝ። ቁልፉ በሩን ከፈተለት። ታዲያ ምን ብዬ ልከልክለው?»

ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እናቱ እዚህ መሆኗን አልነገርከውም?» አልኩት።

«እሱ ነው የጠየቀኝ፣ እናቴ። ‹ከጋቢና የወረደችው ሴትዮ የት ክፍል ናት?› አለኝ። አሳየሁት። በርዎ ድረስ ሄደ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ከዚያ እጁ ዘይት መሆኑን አየና በሱሪው ጠረገው። እንደገና አየው። ደግሞ ጠረገው። ቆየ። ‹ደክሟታል፣ አትቀስቅሳት› ብሎኝ ወጣ።»

ወደ በሬ ሄድኩ። ምንም ምልክት የለበትም። እጄን አስቀመጥኩበት።

መነኻሪያ ሮጥን። የኮንሶና የጂንካ መኪኖች ሄደዋል። በየትኛው እንደሄደ፣ ጨርሶ መሄዱንም የሚያውቅ የለም። ሐያት ተጠርታ መጣችና ወደ ጋራዦቹ ወሰደችን። ከጋራዦቹ ፊት ሻይ የምትሸጥ ወይንሸት የምትባል ሴት ስሙን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሐኪሙ? አንቺ የሐኪሙ እናት ነሽ?»

«ሐኪም አይደለም፣ ሾፌር ነው።»

«እኛ ነን ሐኪም ያልነው። ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ሲቆም ውሃህን አይተሃል ወይ ይላል። ጎማ ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ ክዳኑን አስከፍቶ ጣቱን ይነክራል። ‹ወንድሜ፣ የመጣሁት ለጎማ ነው› ይሉታል። እሱ ‹ቢሆንም› ይላል። ስንቱ ሰደበው፣ ስንቱ ደግሞ መረቀው!»

«ትናንት የት ነበር?»

«እዚህ ነበር። እናንተ ማደያው ጋ ወንበር ስታነሱ ከዚሁ ሆኖ አየ። ሻዩን አልጨረሰውም። ‹ተነስታለች› አለ። ‹ማን?› ብለው ‹መኪናዋ› አለኝ። ከዚያ ‹እኔን ሊይዙ ነው የመጡት› አለና ሄደ።»

ጋሽ ሰይድ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። «ልይዘው!» አሉ። «ልይዘውማ ነው የመጣሁት። አንገቱን አቅፌ ልይዘው።»

ጁምዓ ስለነበር ሊሰግዱ ሄዱ፤ እኔ ከወይንሸት ጋር ቁጭ ብዬ የሚቆመውን መኪና ሁሉ አየሁ። ስለ ልጄ ጠየቅኳት። ከስቷል? አይደለም። ይበላል? ዓሣ ይወዳል። ይስቃል? አንዳንዴ። ያልጨረሰውን ብርጭቆ የትኛው እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ አፈርኩ።

ጋሽ ሰይድ ሲመለሱ ከኪሳቸው ያንን ቁልፍ አወጡ። ክሩን በጣታቸው አስተካከሉና ለወይንሸት ሰጧት።

«ሲመጣ ስጪው። ‹ሰይድ ቁልፍህን ረስተሃል ብሎሃል› በይው። መኪናዋ ያለ ሁለተኛ ሾፌር አትሆንም፤ እኔ አርጅቻለሁ።»

«ባይመጣስ?» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የምጠይቀው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

«ይመጣል» አለች ወይንሸት፣ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ። «ሻዩን ሳይጨርስ የሄደ ሰው ይመለሳል።»

ቅዳሜ

ሐያትን ተሰናብተን ሁለታችን ብቻ ተመለስን። ስንወጣ ጋሽ ሰይድ ወንበሩን አነሱ፣ ጣታቸውን ነከሩ፤ ሙሉ ነው። ሶዶ ላይ አዩ፤ ጠብታ አልጎደለም። ስንሄድ በየጥቂቱ የቆምንባቸውን ቦታዎች ሁሉ ሳንቆም አለፍናቸው። የአረካው ሽማግሌ በራቸው ላይ አልነበሩም። ሰው መኪናው ስለማታፈስ ይከፋል ወይ? እኔ ከፋኝ። ከሥሬ ያለውን ሙቀት እያዳመጥኩ፣ ውሃው ደህና ነው ወይ ብዬ አንዴም አልጠየቅኩም።

«ዛሬ ዝም አልሽ፣ የብሩክ እናት።»

«ብሩክ አይቶታላ፣ ጋሽ ሰይድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ከሄድን በኋላ «ጸበሉ እኮ ውስጡ ነበር» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ብሩክ ጣቱን ሳይነክር አይሞላም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ላዩ ቢጎድልም ታቹ ጨርሶ አይደርቅም፤ ያንቺ ጸበል ከዚያ ውሃ ጋር ነበር። ነክቶታል።»

ሆሳዕና እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ ሄድኩ።

አበበች ጋ ሙዝ ይዘንላት ገባን። በሩ ላይ ቆማ የሚወርደውን ሰው ቆጠረች። አቀፈችኝ። ከዚያ እንደ ደንቡ ውሃ ልታመጣ ስትል ጋሽ ሰይድ «አይጎድልም ዛሬ» አሏት፤ እሷም «ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። «ልጄ» አልኳት። ከሄደ ወዲህ ይህን ቃል እንዲህ ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ግቢያችን የገባነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ሜሮን ከደረጃው ሮጣ ወርዳ መጀመሪያ ያየችው ከእኔ ጀርባ ያለውን ወንበር ነው። አልማዝ ከመስኮቷ «የብሩክ እናት፣ እንኳን በደህና መጣሽ!» አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም።

መኪናዋ አሁን እዚሁ ግቢ ትቆማለች። ጋሽ ሰይድ በየጠዋቱ ወንበሩን ሲያነሱ እወርዳለሁ፤ ጣታቸው ረጥቦ ሲወጣ አይቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ወደ ኮንሶ፣ ወደ ጂንካ፣ ወደ አርባ ምንጭ የምትሄዱ ሾፌሮችና መንገደኞች፦ ረጅም ነው፣ ሲሄድ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ የሰው መኪና ውሃ ሳይጠይቁት የሚያይ፣ ጣቱን ሳይነክር የማያምን ልጅ ነው። ስሙ ብሩክ ነው። ያያችሁት ካላችሁ ደህና መሆኑን ንገሩኝ።